የገና ዓሣ

ይድረስ ለልጄ ለስንዱ፣ አሳይታ። ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? እኔ ጉልበቴ ከመዛሉ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽ ካረፈ ወዲህ በዓል ያደክመኛል።

የዘንድሮን ገና ዶሮውን ትተን በዓሣ ልናደርገው ነው። ዓሣ አይታረድም፤ የክርስቲያን ነው፣ የእስላም ነው አይባልም፤ ባልሽ አንዋርም አብሮን ይበላል። ወንድምሽ ደረጀ፣ «እማዬ፣ ጾሙ ሳይፈታ ቀረ እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል።

ያን ዓመት አንዋር ከዶሮ ወጤ ፊት ደረቅ ዳቦ ቆርሶ ሲነሳ፣ አንቺም ተከትለሽው ስትወጪ፣ እኔ ለጎረቤት ወጥ እጨምር ነበር።

የሚኒባሱ ሾፌር ከሐይቅ ስንት ዓሣ ላምጣ ቢለኝ የእናንተንም ጨምሬ ነገርኩት። መንገዱ ካልተመቻችሁ ለፋሲካም ዓሣ አይጠፋም።

አንዋርን ሰላም በይልኝ። በአንድ ገበታ ያገናኘን።

እናትሽ ታደለች፣ ከከሚሴ