ከንጉሡ ጋር የተቀበሩት

ሸሃታ ወንድሜ፣

ካርዷ ላይ የምታየው አሸዋ የላይኛው ግብፅ የአቢዶስ ነው፤ የምንቆፍረው ከፎቶው በስተግራ ነው። ዛሬ ጠዋት ከመጀመሪያዎቹ ነገሥታት የአንዱን መቃብር ዙሪያ ስንጠርግ፣ እንደ ወታደር ሰፈር ክፍሎች የተደረደሩ ትንንሽ ጉድጓዶች አገኘን። እኔ የጠረግሁት ውስጥ አንድ ወጣት ተኝቷል፤ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሱ ገና አልበቀለም።

ቁፋሮውን የሚያጠኑት ዶክተር ነርሚን የጉድጓዶቹን ጡብ አገላብጠው አዩና፣ "ጣሪያቸው አንድ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ነው የተዘጋባቸው። ንጉሡ ሲሞት አብረውት እንዲሄዱ ተደረጉ። መንግሥት የሚባለው ነገር ሲጀመር እንዲህ ነበር" አሉን።

አለቃችን ሀጅ ቀናዊ፣ "ወደው ነው?" ብለው ጠየቁ።

ቀልደኛው ፈራግ፣ "ሀጅ ደግሞ! ንጉሥ ሲጠራ እምቢ ይባላል እንዴ?" አለ። ማንም አልሳቀም። የሀጅ ልጅ አምና ለውትድርና ተጠርቶ በታሸገ ሣጥን መመለሱን ረስቶት ነው።

ሀጅ ወጣቱ ወዳለበት ጉድጓድ ወረዱ፣ ተንበረከኩ፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ።

ፈራግ፣ "እነዚህ እኮ እስላም አይደሉም" አለ።

"እናት ነበረቻቸው" አሉ ሀጅ፣ ቀና ሳይሉ።

እኛ በአገራችን በቂፍት ሬሳ አጅበን ሄደን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። እነዚህ ግን እንዳጀቡ ቀሩ።

ቦታ አለቀብኝ። እናታችንን እጇን፣ ልጆችህን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። የሀጅን ባለቤት ካገኘሃቸው፣ ሀጅ ደህና ናቸው፣ እህልም ይቀምሳሉ በላቸው። ይህን ካርድ ግን አደራ፣ እንዳያዩት።

ረስላን