ጭስ የምትለካዋ ሴት

ማክሰኞ፣ የካቲት 3። ፍኖተ ሰላም፣ መ/ቤት
መብራት ሄዶ መጣ። የኮምፒውተሩ ባትሪ አወጣኝ። የሌሎቹ ቀበሌዎች ስሌት አልቋል፤ የቀረኝ ቡሬ አጠገብ ያለው መስኖ ብቻ። ሥራዬን ላንቺ፣ ለማስታወሻዬ እንኳ አስረድቼሽ አላውቅም፦ ገበሬው ውሃ የሚስብበት ኃይል ስንት ካርቦን ያወጣል? ናፍጣ ከሆነ ብዙ። የመስመር መብራት ከሆነ ኢምንት፤ የኛ አገር መብራት ከውሃ ነዋ የሚመነጨው። ብዙ ካርቦን የሚያወጣ መንደር በምትኩ የፀሐይ ፓምፕ ይሰጠዋል። ሌላው አይሰጠውም።

ረቡዕ፣ 11 ሰዓት። ቡሬ
ከመስኖው መመለሴ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ቦታ! ሽንኩርቱ ተኮትኩቷል፣ ቦዩ ተጠርጓል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አያ ጥሩነህ ራሳቸው ተቀበሉኝ። በምን ትስባላችሁ? የመብራት ምሰሶውን አሳዩኝ፤ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕም አስነሱልኝ። ናፍጣስ? ሁሉም ባንድ አፍ፣ የለም። ማር አቀረቡ። በላሁ፣ መዘገብኩ። ደስ ብሎኛል።

ዓርብ
ውጤቱ ዜሮ ማለት ይቻላል። ሪፖርቱን ለአለቃዬ ሰጠሁ፤ ሰኞ ያጸድቁታል። ከሌላ ከሚሰሙ ከኔ ይስሙ ብዬ ለአያ ጥሩነህ ደወልኩ። መብራት ስላላችሁ ፓምፑ ለሌላ መንደር ይሄዳል አልኳቸው።
ያኔ እውነቱን ነገሩኝ።
እግዚኦ! የናፍጣ ሞተራቸው ጭድ ክምር ውስጥ ነበረ። እኔ ማር የበላሁበት አጠገብ! መብራቱ ያን ቀን የመጣው በዕድል፤ ፓምፑ የውሰት። ጭስ የምትለካ ሴት ትመጣለች ሲባል ቅጣት መስሏቸው፣ መክረው ደበቁት።
«ልጄ፣ እንግዳ ሲመጣ ገመና ይሸፈናል እንጅ ይዘረገፋል ወይ?»
ናፍጣ ከገበያ እየጠፋ ነው። ያለ ፀሐይ ፓምፑ ሽንኩርቱ ይደርቃል፣ ከርሞም አይተከልም። በኔ ፊርማ! ሳቄ ይመጣል፣ ደግሞ ማልቀስ ያምረኛል። እኔስ ምን ነካኝ? ጎጃም ተወልጄ፣ እንግዳ ፊት «ችግር አለብን» የሚል ሰው የት አይቼ ነው?

ቅዳሜ፣ ጠዋት። ሚኒባስ ውስጥ
አለቃዬ ቤት ድረስ ሄድኩ። ሪፖርቴ ስህተት ነው፣ ይመልሱልኝ አልኩ። ተቆጡ። መለሱልኝ፤ እስከ ሰኞ ጠዋት ብቻ። አሁን ወደ ቡሬ። ለአያ ጥሩነህ ደውዬ፣ ሞተሩን አውጥተው ያስነሱት፣ ጭሱን ላየው እመጣለሁ አልኩ። ደስ አላቸው። «እሺ ልጄ፣ አሁኑኑ አሳጥበነው እንጠብቅሻለን።»
ኧረ አይታጠብ! እንዳለ ይቆይ፣ ጥላሸቱ ነው ማስረጃዬ! አልኩ። ሳይሰሙኝ ስልኩን ዘጉት። መልሼ ደወልኩ፣ አይነሳም። መኪናው ሞላ። እኔ ሳልደርስ እንዳያጥቡት!