ክሮቼን ያስተካከሉት ተማሪዎች

ይድረስ ለልጄ፣

እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ፣ ክፉ አይድረስብህ። እኔ ቆሽቴ ከማረሩ በቀር ደህና ነኝ።

ቅዳሜ ዕለት አራት ተማሪዎች "አረጋውያን ልንጠይቅ ነው" ብለው መጡ። አንዷ "እማማ፣ ይሰማዎታል?" ብላ ጆሮዬ ላይ ጮኸች። የለበሰችውን ዩኒፎርም የሰፋሁት እኔ ነኝ እኮ። ከዚያ ቤቱን እናጽዳ ብለው ክሮቼን በሙሉ ከመሳቢያ አወጡና ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ ደረደሩልኝ። ዓይኔ ቀለም መለየት ከተወ ቆይቷል፤ ክሩን የማውቀው በቦታው እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ይኸው የጎረቤታችንን የዘበኛውን ጥቁር ሱሪ በቀይ ክር ጠቅሜ ሰጠሁት። ምስኪን፣ ሰው ሲስቅበት ዋለ።

ሊሄዱ ሲሉ ወረቀት አወጡና "ሁለት ሰዓት አገልግለናል፣ ይፈርሙልን" አሉኝ። ምን አደርጋለሁ፣ ፈረምኩ። "ለመሆኑ ማን ላካችሁ?" ብላቸው፣ ያቺው ልጅ "ልጅዎ ደውሎ አስመዘገበዎት፤ ጠያቂ የላቸውም ብሎ" አለችኝ።

ለካ ጠያቂ እንደሌለኝ ታውቃለህ።

በል ዕድሜህ ይርዘም፣ ከክፉ ሰው ይሰውርህ። ፈቃድ ስታገኝ ግን እባክህ ራስህ ና። ወረቀትም ካለህ እፈርምልሃለሁ።

እናትህ