ደረቴ ላይ የተለጠፉት ሽቦዎች

ቀጮ ወንድሜ፣

እህቴ ቤት በሰላም ገባሁ። በዚህ ፖስት ካርድ ሥዕል ላይ ያለውን ባሕር ገና አላየሁትም፤ በደንብ ያየሁት የክሊኒካቸውን ኮርኒስ ነው። ሰኞ ጠዋት ከሱስ ያወጣንን ሜታዶን ልጠጣ ሄድኩ። እኛ ጋ ነርሷ መዋጣችንን ለማረጋገጥ «ስምህን ተናገር» ብላ ትሸኘን የለ? የዚህኛው ክሊኒክ ነርስ ግን ገና ሳልጠጣ «ያዞርዎታል?» አለችኝ። «ደረጃ ስወጣ ትንሽ» ስላት አስተኝታ ደረቴን በሽቦ ሞላችው። ማሽኑ ረጅም ወረቀት ተፋ። ለካ መድኃኒቱ የልቤን ምት አዛብቶታል፤ ለጥርሴ የምውጠው ኪኒን ደግሞ አባብሶታል። ሜታዶኑን አቋርጥ ሊሉኝ ነው ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ነበር! «ኧረ አንነጥቅዎትም» ብላ ሳቀች። ሐኪሙ ኪኒኑን ቀየረልኝ፣ የሜታዶኑንም መጠን ትንሽ ቀነሰው። ዛሬ የእህቴን አራት ፎቅ ሳላርፍ ወጣሁልህ!

ባለፈው ወረፋ ላይ ስትወድቅ «ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ነው» ብዬ ሰው ያሳቅኩብህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። ይህ እንደደረሰህ፣ ገና ሳትጠጣና ስምህን ሳትናገር መውደቅህን ለነርሷ ንገራት፣ ልብህንም ይዩልህ። በራስህ እንዳታቋርጥ ደግሞ!

ካርዱ ሞላ። እናትህን ሳምልኝ። ስመጣ እዚያው ወረፋ ላይ ቆመህ ላግኝህ።