ከአሥር ዓመት በላይ አይገባም

ኦፓልዬ፣

ሐይቁ ፖስት ካርዱ ላይ እንደምታዪው ያማረ ነው፤ የመዝናኛ ካምፑ ሥራ አስኪያጅ ክሌይተን ግን ደሜን አፍልቶታል። «ለበጋው ሽንት ቤት የሚያጸዳልኝ ሰው አጣሁ፤ ቶሎ ይድረሱልኝ» እያለ በስልክ ሲወተውተኝ ከርሞ፣ ከአሪዞና ሁለት ቀን ነድቼ ስደርስ መጥረጊያ አስታቀፈኝና አልጋና ማድቤት ያላትን መኪናዬን ይዞራት ጀመር።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«ይቅርታ እማማ ቬርና፣ ደንባችን ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ መኪና አያስገባም። የካምፑን መልክ ታበላሽብናለች። እርስዎ ይግቡ፤ እሷን ሌላ ቦታ ያቁሟት።»

በጋ ከክረምት የምኖርባትን ቤቴን እኮ ነው! ቀንድ አውጣን «ቅርፊትሽን ውጭ ጥለሽ ግቢ» እንደማለት። ያንቺ ቤት መቶ ዓመት ሲሞላው ከንቲባው ቅርስ ነው ብሎ ሰሌዳ ሰቀለበት፤ የእኔዋ ጎማ ስላላት በሃያ ሁለት ዓመቷ ቆሻሻ ሆነች።

«የእኔንስ ዕድሜ ለምን አልጠየቅህም? ስልሳ ስምንት ነው! ለሽንት ቤትህ ሲሆን ግን አላረጀሁም» አልኩት። መጥረጊያውን መልሼ አስታቀፍኩትና፣ «እንካ፣ አስተሳሰብህ አሥር ዓመት አልሞላውምና ደንቡ ላንተ ይፈቅዳል፤ አንተው ጥረግ!» ብዬው ሞተሬን አስነሳሁ።

ካርዱ ሞላብኝ። ባልሽን ዌንደልንና ያቺን ቀበጥ ድመትሽን ሳሚልኝ። መልስ ልጻፍ ብለሽ ግን ብዕር አታንሺ፤ አድራሻዬ ከነጎማው ከበር ተመልሷል።

ቬርና