የሳሎናችሁ አምፖል ነገር

ለነገረኛዋ የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የጠዋት ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎረቤቱን ሁሉ ትቀሰቅሻለሽ? እናትሽስ ወገቧ ተሻላት? አባትሽስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ሙሉ መፈለጉን ተወ? ወንድምሽ ድቡልቡሉስ ቁመት ጨመረ ወይስ ወደ ጎን ብቻ ነው የሚያድገው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ማለቴ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። አብሮኝ ይኖር የነበረው በያጅ ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረ ወዲህ ክፍሉ ሰፍቶኛል። ባለፈው እሑድ አንድ ቀልድ ትዝ ብሎኝ ጮክ ብዬ ብናገረው የሰማኝ ባዶው አልጋ ብቻ ነው። እሱም አልሳቀም።

ሐሙስ ዕለት ለእናትሽ ደውዬ የሳሎኑን አምፖል ማንም እንዳይነካ ብላት፣ "ደግሞ ምን ተንኮል አስበህ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። የእጄን ነው ያገኘሁት። ምክንያቱን መናገር አፍሬ ስልኩን ዘጋሁ። አሁን ግን እጽፈዋለሁ፤ ቀልድ አይደለም።

ከአምስት ወር በፊት፣ ወለሉን አጥበሽ ስትጨርሺ የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለውን አምፖል ልትቀይሪ ማጥፊያውን አጥፍተሽ ብትነኪው እንደነዘረሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔ ምን ብዬ መለስኩ? የነዘረሽ የራስሽ ፍርሃት ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ የተዘጋ ራዲዮ ዘፈነልኝ እንዳትዪ ብዬ አንድ ገጽ ሙሉ አሾፍኩብሽ። ድቡልቡሉም ለቤተሰቡ ጮክ ብሎ አነበበው አሉ። የፊዚክስ መምህርሽ ደግሞ መንገዱ በተቋረጠበት ኤሌክትሪክ አያልፍም ብሎ ክፍሉን አሳቀብሽ። ከዚያ ወዲህ የመጣልኝ ደብዳቤ አራት መስመር ብቻ ነው። በአራተኛው መስመር የኤሌክትሪክ ሙያ ትምህርቱን ትቼ ሌላ እመዘገባለሁ ትያለሽ። ያቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርሽም።

የእኔ ልጅ፣ ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ።

እዚህ ፋብሪካው ውስጥ ሞተር ከማጽዳት ወደ ኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ካዛወሩኝ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ረቡዕ ዕለት በመጋዘኑ ውስጥ ሦስት አምፖሎች ገጥሜ አለቃችንን ጠራሁ። ሲያበራቸው በሩ፣ ሲያጠፋቸው ጠፉ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። እሱ ግን መሰላል ላይ ወጣና አንዱን አምፖል ፈትቶ ቴስተሩን፣ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚፈትሽበትን፣ ማቀፊያው ውስጥ ቢሰካው፣ የቴስተሩ መብራት ቦግ አለ። "ይሄን ወጥመድ ለማን ነው ያጠመድከው?" አለኝ። "ጠፍቷል እኮ ጌታዬ" ስለው፣ "አምፖሉ ጠፋ እንጂ ፌዙ መቼ ሄደ?" አለ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም እንደ ልማዴ ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የእናንተ ሳሎን ትዝ ሲለኝ እንደተከፈተ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ አምፖሉ ሁለት ሽቦ ይመጣል። አንዱ ፌዝ ነው፤ ኤሌክትሪኩን ገፍቶ ያመጣል። ሌላው ኒውትራል ነው፤ መመለሻው። ኤሌክትሪክ መመለሻ ካላገኘ አይሄድም፤ መንገዱ ዞሮ መግጠም አለበት። ስለዚህ ማጥፊያውን በየትኛውም ሽቦ ላይ ብትገጥሚው መንገዱ ይቆረጥና አምፖሉ ይጠፋል። እኔም ያኔ ከማንም ሳልማር ቤታችሁን ስዘረጋ ሁለቱ እኩል መስለውኝ፣ ለእጄ የቀረበውን ቆርጬ ማጥፊያውን ገጠምኩበት። የቀረበኝ ኒውትራሉ ነበር። መመለሻውን ነው የቆረጥኩት፤ ፌዙ አምፖሉ ድረስ መጥቶ መሄጃ አጥቶ ቆሟል። አንቺ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግርሽ ቆመሽ ስትነኪው፣ በክንድሽ ገብቶ በእግርሽ ወደ መሬት ወረደ። መምህርሽ ያለው እውነት ነው፤ ግን የተቋረጠውን መንገድ የቀጠልሽው አንቺ ነሽ። ድቡልቡሉ ከአንቺ በኋላ ነክቶት ምንም አልሆንኩም ብሎ የፎከረው ጫማ አድርጎ ስለነካው ነው፤ ጎማው አዳነው።

ከረቡዕ ጀምሮ እጅሽ እዚያው ተጣብቆ ቢቀር ኖሮስ እያልኩ አስባለሁ። እዚህ ይህን የምነግረው ሰው የለኝም። የምሳ ሰዓት ላይ ላወራ ብሞክር እንኳ ቀልድ እየመሰላቸው ገና ሳልጀምር ይስቃሉ።

አሁን የምለምንሽ ይህን ነው። ቆጣሪው ሥር ያለውን ዋናውን ማጥፊያ አጥፉና ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። የአምፖሉን ማጥፊያ ወደ ፌዙ ሽቦ ያዙርላችሁ፤ እኔ የነካኋቸውን ሌሎቹንም ክፍሎች ይፈትሽ። አንቺ እጅሽን ሰብስበሽ አጠገቡ ቆመሽ እያንዳንዱን ነገር ጠይቂው። ቢሰለቸው ይሰልቸው። ይህን ገጽ ደግሞ ለመምህርሽ ውሰጂለት።

እናትሽን ወገቧን ስማችሁ ሰላም በሉልኝ፤ በነጻ መብራት አስገባሁልሽ እያልኩ ስኩራራባት ለኖርኩበት ዘመን ይቅር ትበለኝ። አባትሽን አንገቱን እቅፍ አድርጊልኝ። ድቡልቡሉን ጉንጩን ቆንጥጪልኝ፤ ይህንን ደብዳቤም በዚያው ድምፁ ያንብበው። ለአንቺ ግን ሰላምታዬ አንድ ነው፤ ምዝገባው በወሩ መጨረሻ ሳይዘጋ ሂጂ። ለምን ይህን ሙያ መረጥሽ ብለው ቢጠይቁሽ፣ አጎቴ የዘረጋውን መስመር ላርም ነው በያቸው።

ናፋቂሽ አጎትሽ

ከፋብሪካው ሠራተኞች መኖሪያ፣ ክፍል 9
እሑድ፣ ጥቅምት 21 ቀን