መርዶህ ያልደረሳቸው ተሳፋሪዎች

አባዬ፣

አርባህ ወጣ፣ ሰማንያህም ወጣ፣ የሙት ዓመትህ ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው። እስከ ዛሬ አንድ መስመር ያልጻፍኩልህ ረስቼህ እንዳይመስልህ። ተናድጄብህ ነው። ሙት ወቃሽ ይሉኛል፤ ይበሉኝ! ዘንድሮ ያላናደደኝ ሰው የለም፣ ግን የሁሉም መነሻ አንተ ነህና ካንተ ልጀምር።

ቤቱ እንዳለ ነው። እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። የግቢው ማንጎ ከልክ በላይ አፍርቶ የሚበላው ሰው ጠፋና ጦጣ ሰርግ ደገሰበት። በረንዳው ላይ የምትተኛባት አልጋም ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፣ ላንሳት ብል እማዬ ዓይኗን ታፈጥብኛለች። አጎበሩም ከነማሸጊያው ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። እሱን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እንዴት አይፈላ? ለዓለም ሁሉ አጎበር ያዙ ብለህ ያስጻፍከኝ አንተ አይደለህም? ይሄ ቆላ ነው፣ ትንኟ እንግዳና ባለቤት አትለይም፣ ያለ አጎበር እንዳትተኙ እያልክ አንድ በአንድ ስትነግረኝ እኔ በእንግሊዝኛ ስከትብ፣ ማታ አንተ ያፍነኛል ብለህ በረንዳ ላይ ተዘርረህ ታድራለህ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ማለት ይሄኔ ነው። ሲያንቀጠቅጥህም ወባ ናት፣ አውቃታለሁ፣ ትለቀኛለች አልክ። ለቀቀችህ? አንተን ነው ያስለቀቀችን፣ አባዬ።

ደግሞ ያ መድረክ። በስልኩ ውስጥ ያለውን የተጓዦች መድረክ ማለቴ ነው። ለመዝናናት በውሃ ላይ የሚጓዙ ሰዎች ተሰብስበው የሚጠያየቁበት፣ በባሕር ላይ ከተማ የሚያክል መርከብ የሚሳፈሩትም፣ እንደኛዋ ባለ ትንሽ ጀልባ በሐይቅ የሚዞሩትም። መጀመሪያ አንድ በጀልባህ ያንሸራሸርከው ሰው ፎቶህን አውጥቶ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ ለማየት ከፈለጋችሁ ይሄን ሰው ፈልጉ ብሎ ጻፈ። አሳየሁህና ሳቅክ። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት መልስ ደብተር ላርም ስቀመጥ ወንበርህን ስበህ አጠገቤ ትመጣለህ። ዛሬስ ማን ምን አለ? አንብቢልኛ! አንተ ታስጽፈኛለህ፣ እኔ እጽፋለሁ። ካፒቴን ጴጥሮስ ብለው የሾሙህም እነሱ ናቸው። ጀልባ ማረፊያው ላይ ያሉት ሁሉ፣ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ መቼ ነው ካፒቴን የሆነው እያሉ ያሾፉብህ ነበር። አንተ ግን ደስ ይልህ ነበር፣ አትካድ።

ባሕር አይተህ አታውቅም፣ ግን ስለ ትልልቆቹ መርከቦች ከእኔ በላይ ታውቅ ነበር። መርከብ ላይ የመዋኛ ገንዳ አለ ያልኩህ ቀን፣ በውሃ ላይ እየሄዱ ውሃ ውስጥ ለመግባት ገንዳ ይሠራሉ እንዴ ብለህ እንባህ እስኪፈስ ሳቅክ። ጠይቂልኝ አልከኝ፣ ጠየቅኩልህ፤ እነሱም አብረውህ ሳቁ። ዕድሜውን በመርከብ ሠርቶ ጡረታ የወጣ አንድ ሽማግሌ ማዕበል በጎን ሲመጣ የጀልባህን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ እንዴት እንደምታዞር በሥዕል አድርጎ ላከልህ። ያንን ሥዕል በማግሥቱ ሐይቁ ላይ ሞክረህ፣ ሠራ ብለህ በሩጫ የመጣኸው አይረሳኝም። እውነቱን ልናገር፣ በዕድሜህ እንደዚያ ጊዜ ተምረህ አታውቅም።

እነሱም ካንተ ተምረዋል። ያቺን ከልጅነቷ ጀምሮ ውሃ የምትፈራ ሴትዮ ታስታውሳታለህ? ከእህቴ ጋር መምጣት እፈልጋለሁ፣ ግን ጀልባ ሳይ እግሬ ይከዳኛል ብላ ጻፈች። መሀል ላይ ተቀመጪ፣ ዓይንሽን ከውሃው አንስተሽ ተራራው ላይ ጣይው፣ ሲያስፈራሽ እኔ እዘፍናለሁ በያት አልከኝ። መጣች። ገና ከመኪና ስትወርድ አውቀሃት በስሟ ጠራሃት፣ እሷም የዘመድ ያህል አንገትህ ላይ ተጠመጠመች። አዞዎቹ ተደርድረው ፀሐይ ከሚሞቁበት ከአዞ ገበያው ስትመለስ ከፊት ወንበር ላይ ነበረች። አገሯ ገብታ ያየችውን ሁሉ ጻፈች፤ ከእሷ በኋላ የመጡት ሁሉ እሷን አንብበው ነው የመጡት። አዞዎቹ ጋ ሲደርሱ ዝም ማለት፣ እጅን ውሃ ውስጥ አለመንከር፣ ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ ሐይቁን ትቶ ጨንቻ ወጥቶ ሽመና ማየት፣ ሁሉን ሸምድደው ይመጡልህ ነበር። ሰው ሳይተያይ ተዋውቆ ሲገናኝ ሽርሽሩ እንዴት እንደሚጥም ያየሁት እዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አትለቅም ነበር፤ ከሰዓት አልወጣም። ዓለም ቢለምንህ አትወጣም። ጫሞ ጠዋት በግ ናት፣ ከሰዓት አታውቅህም ትላለህ። ይቺን ቃል በስንት ዓይነት እንግሊዝኛ እንደጻፍኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ስትሞት መርዶህን ለእነዚያ ሰዎች የነገራቸው የለም። ይሄን ያጠፋነው ሁላችንም ነን። ለአክስቴ ጨንቻ ድረስ ሰው ተልኮ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በጠዋት ከቤቷ ሳትወጣ ተረዳች። ለወንድምህም እንደዚያው። እነዚህንስ ማን ያርዳቸው? መርዶ በስልክ ይጻፋል እንዴ አለች እማዬ፣ ነውር ነው። እኔም ነውር ነው አልኩ። ዝም አልን። የጀልባዋ ስልክ ደግሞ ከጀልባዋ ጋር ሸሪክህ ጋሽ ቶማ ዘንድ ቀረ፣ የሥራ ነው ተብሎ።

ከሰማንያህ በኋላ አንድ ቀን ናፈቅከኝና የድሮ መልሶችህን ላነብ መድረኩን ከፈትኩ። አባዬ፣ ከተቀበርክ በኋላ መልስ ሰጥተሃል! አንድ አባወራ ከሰዓት መምጣት እንችላለን ወይ ብሎ ጠይቆ፣ ካፒቴን ጴጥሮስ ችግር የለም ኑ ብሏል። እንግሊዝኛው የኔ አይደለም፣ ስልኩ ራሱ የተረጎመው ነው። በስምህ ልግባ ብል መግቢያው ተቀይሯል።

እንደ ቆምኩ ወረድኩ። ጀልባ ማረፊያው ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? ጋሽ ቶማ ኮፍያህን አድርጎታል! ፎቶው ላይ ሁሉ የምትታይባትን፣ ሰፊዋን ኮፍያ። ጮህኩበት፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ጥለው እስኪያዩን ድረስ ጮህኩበት። እሱ ደግሞ አያፍርም፣ መርዶ በስልክ አይነገርም ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ ይለኛል። ሰዎቹ የሚፈልጉት ጴጥሮስን ነው፣ ለፈረንጅ ደግሞ ከኮፍያው ሥር ሁላችንም አንድ ነን፣ ማን ተጎዳ ብሎ ሳቀ። ያቺን ሳቅ እስክሞት አልረሳትም። የሞተ ተጎዳ አልኩት እየሄድኩ።

የፈራሁት አልቀረም። ባልና ሚስት ከትንሽ ሴት ልጃቸው ጋር መጥተው ከሰዓት ይዟቸው ወጣ። ንፋሱ መሀል ላይ ያዛቸው፣ ሞተሩ ጠፋ። እግዜር ይስጣቸው፣ ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ነው ጎትተው ያወጧቸው። ልጅቷ በስብሳ፣ ድምጿ ጠፍቶ። ሚስትየዋ ሆቴሏ ገብታ መድረኩ ላይ ጻፈች። ይሄ ለዓመታት ስታሞካሹት የነበረው ካፒቴን ጴጥሮስ ውሸታም ነው፣ ልጄን ሊገድልብኝ ነበር አለች። ከሥሯ ያሉት ደግሞ ተቀበሏት፤ እኔም ድሮ ጠርጥሬው ነበር፣ ገንዘብ ሰውን ይለውጣል፣ ምን የማይባል አለ። አንተን! ለአንዲት ደመና ተሳፋሪ የምትመልሰውን ሰውዬ!

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ። ያንተን ግን ከመቃብር በታች ሲከቱት እኔ ቁጭ ብዬ እያነበብኩ ነበር። ለእማዬ መንገር አቃተኝ። ነገ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ፣ ከዚያ የቶማን ስም ከነፎቶው አወጣለሁ፣ አዋርደዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ልወጣ ነጠላዬን ሳነሳ በሩ ተንኳኳ። ከጨንቻ የወረዱ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው። ቶማ ቀድሞኝ ልኳቸዋል። ገና ሳልናገር ደጃፋችን ላይ ተንበረከኩ። አባዬ፣ የጋሞ ልጅ ነኝ፣ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ረግጬ የት እገባለሁ? እነዚያን ጉልበቶች ሳይ ነጠላዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ንዴቴን ልዋጠው ብል አልወርድ አለኝ፣ ልትፋው ብል ነውር። እማዬ በዚያው ቀን ሁሉንም ሰማች። ሽማግሌዎቹን በየተራ እጃቸውን ይዛ አነሳቻቸው። እኔም ለፖሊስ ላልነግር፣ ስሙንም ላላነሳ ቃል ገባሁ። እያለቀስኩ ነው የገባሁት፣ ከንዴት።

ሊሄዱ ሲሉ ግን አንድ ነገር ጠየቅኩ። የአባቴን መርዶ መናገርስ ተከልክያለሁ ወይ አልኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ አየኝ፣ ከዚያ እማዬን አያት። መርዶ መች ይከለከላል ልጄ፣ ነውሩማ እስካሁን አለመነገሩ ነው አለ። እማዬ አንገቷን ደፋች።

እሑድ በማለዳ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቤ ተቀመጠች። ለእነሱ ሌሊት ይሁን ቀን ግድ አልሰጠኝም፤ በእኛ ንጋት ነበር፣ መርዶም በንጋት ነው የሚነገረው። በራሴ ስም ገባሁ። የካፒቴን ጴጥሮስ ልጅ አስቴር ነኝ፣ መልሶቹን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ፣ አባቴ ከክረምቱ በፊት በወባ ሞቷል፣ ቀደም ብለን ስላላረዳናችሁ ይቅርታ አድርጉልን፣ አባቴ በሕይወቱ ከሰዓት ወጥቶ አያውቅም ብዬ ጻፍኩ። የመቃብርህን ፎቶ ከነቀኑ አያያዝኩ። ስለ ቶማ አንዲት ፊደል የለችበትም። ለሣሩ የገባሁትን ቃል ጠብቄያለሁ።

ያቺ የተቆጣችው እናት ቀድማ መጣች። ታዲያ እኛን ይዞ የወጣው ባለ ኮፍያው ሰውዬ ማነው ብላ ጠየቀች። አልመለስኩላትም። መመለስም አላስፈለገኝ፣ ሁሉም ቀኑን ቆጥሮ ገባው። አባትሽን በደልኩት፣ ይቅር በይኝ ብላ የጻፈችውን ሁሉ ራሷ አጠፋች። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት ሆነ። ያ የመርከብ ሽማግሌ፣ ሥዕሉን ማስቀመጥህን ሳያውቅ፣ አንድ ቀን ጫሞን አብረን እናያለን ብዬ ነበር አለ። ውሃ የምትፈራዋ ሴትዮ የዘፈንክላትን ዘፈን ግጥሙን ሳታውቅ በድምፅ ቀድታ ላከችው። የማላውቃቸው፣ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቅ፣ ከዓመታት በፊት ያንሸራሸርካቸው ሁሉ መጡ። እኔ አነባለሁ፣ እማዬ ለእያንዳንዱ እግዜር ይስጥልኝ ትላለች፣ ሰዎቹ እንደማይሰሟት እያወቀች። መጨረሻ ላይ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ለቅሶ ሳይደርስ ቀርቶ ነበር እንዴ ብላ በአዲስ አለቀሰችህ።

ኮፍያህ ተመልሷል። አንደኛው ሽማግሌ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣው፣ የመልእክት ቃል የለውም። ቶማ አሁን በራሱ ስም ነው የሚሠራው፣ ጠዋት ብቻ ይወጣል አሉ፤ ከሰዓት ኑ ቢላቸው የሚመጣለት የለም። ለሣሩ ስል ሰላም እለዋለሁ። ከዚያ አታሳልፈኝ፣ አባዬ፣ ንዴቱ አልተወኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰው፣ አሁን ስለ ንፋሱ ማን ይነግረናል ብሎ ጻፈ። እኔ አልኩ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣቴ በፊት በረንዳው ላይ ቆሜ ጫሞን አያለሁ፣ ያየሁትንም በራሴ ስም እጽፋለሁ። የማውቀው ግን ያንተን ነውና፣ አባቴ እንደሚለው ብዬ ነው የምጀምረው። የሚጠይቅ ሰው እስካለ ድረስ እንደዚያ እጀምራለሁ፤ ይሄን ቃል የሚያስገባኝ ሣር አያስፈልገኝም።

ትናንት አንዲት ሴት ከባሏ ጋር ልትመጣ ነው፣ ምን ልያዝ አለችኝ። ኮፍያ አልኳት፣ ውሃ አልኳት፣ አዞዎቹ ጋ ዝምታ አልኳት። አጎበር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፣ ያው ንዴቴ ተነሳብኝ። ከዚያ ጻፍኩት። አጎበር ያዢ፣ ባልሽ ያፍነኛል ቢልሽ አትስሚው፣ አባቴ ለሰው ሁሉ ነግሮ ራሱ ሳይሰማ ነው የሞተብን አልኳት። ስልኩን አስቀምጬ ተነሳሁና ያንተን አጎበር ከማሸጊያው አውጥቼ እማዬ አልጋ ላይ ሰቀልኩት።

ልጅህ አስቴር